ወባን በሂሳብ ስሌት የተከታተሉት ሐኪም

የክረምቱ ዝናብ አባርቶ መስከረም ሲጠባ የወባ ትንኝ የምትራባበት ዋነኛ ወቅት ይጀምራል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት በቆላማና በወይና ደጋ አካባቢዎች የሚገኙ ጤና ኬላዎችና ጤና ጣቢያዎች የሕሙማንን ቁጥር በየሳምንቱ ለወረዳ፣ ወረዳውም ለዞንና ለክልል ያስተላልፋሉ። ሪፖርቱ የሚደርሰው ኃላፊ ሁልጊዜ የሚገጥመው ጥያቄ አንድ ነው። የታየው ጭማሪ በየዓመቱ የሚያጋጥም የወቅቱ ጭማሪ ነው ወይስ የወረርሽኝ ምልክት? ኬሚካሉ፣ መድኃኒቱና የሰው ኃይሉ ዛሬውኑ ይንቀሳቀስ ወይስ የሚቀጥለው ሳምንት ሪፖርት ይጠበቅ?

ይህን ጥያቄ በግምት ሳይሆን በስሌት ለመመለስ ፈር ከቀደዱት ሳይንቲስቶች መካከል እንግሊዛዊው ሐኪም ሰር ሮናልድ ሮስ በግንባር ቀደምትነት ይጠቀሳሉ። ሮስ በሰፊው የሚታወቁት ወባ በትንኝ አማካይነት እንደሚተላለፍ በማረጋገጣቸውና በዚህም እ.ኤ.አ በ1902 የኖቤል ሽልማት በማግኘታቸው ነው። እርሳቸው ግን ከሽልማቱ በኋላ ባሉት ዓመታት ለሠሩት የሂሳብ ሥራ ከፍተኛ ግምት ይሰጡ ነበር። የዚህ ጽሑፍ ትኩረትም ይኸው ብዙም ያልተነገረለት የምርምር ሕይወታቸው ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በተለየ ሁኔታ ካልተገለጸ በስተቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሮስ የተወለዱት በሕንድ አልሞራ በተባለች ከተማ በ1857 ሲሆን አባታቸው በእንግሊዝ የሕንድ ጦር ውስጥ ጄኔራል ነበሩ። በወጣትነታቸው ያዘነበሉት ወደ ሥነ ጽሑፍ፣ ሙዚቃና ሥዕል ቢሆንም በአባታቸው ፍላጎት በለንደን ሕክምና ተምረው በ1881 በሕንድ የሕክምና አገልግሎት ተቀጠሩ። በማድራስ ተመድበው በሠሩባቸው ዓመታት ትርፍ ጊዜያቸውን የሂሳብ መጻሕፍትን በራሳቸው ጥረት ለማጥናት ያውሉት እንደነበር የሕይወት ታሪካቸው ያመለክታል። ያ የትርፍ ጊዜ ጥናት ከሃያ ዓመታት በኋላ ለዋነኛ ሥራቸው መሣሪያ ይሆናል ብሎ የገመተ አልነበረም።

በዚያን ዘመን የወባ መነሻ ከረግረግ የሚነሳ መጥፎ አየር ነው የሚለው አመለካከት ገና አልጠፋም ነበር። ፈረንሳዊው የጦር ሐኪም ላቬራን በ1880 በአልጄሪያ በሕሙማን ደም ውስጥ የወባን ጥገኛ ተሕዋስ ቢያገኙም ተሕዋሱ ከሰው ወደ ሰው በምን እንደሚሸጋገር አልታወቀም። ሮስ በ1894 ለእረፍት ወደ ለንደን በሄዱበት ወቅት ፓትሪክ ማንሰን የተባሉት ሐኪም ተሕዋሱን በአጉሊ መነጽር አሳዩአቸው፤ ትንኝ የነገሩ ቁልፍ ልትሆን እንደምትችልም ገለጹላቸው። ሮስ በቀጣዩ ዓመት ወደ ሕንድ ሲመለሱ ይህን ማረጋገጥ የሕይወታቸው ግብ ሆነ።

ሥራው አድካሚ ነበር። ሮስ በሰከንደራባድ ሆስፒታል ወባ የታመሙ ሰዎች በትንኝ እንዲነከሱ እየከፈሉ፣ ትንኞቹን አንድ በአንድ እየሰነጠቁ በአጉሊ መነጽር መረመሩ። ከረጅም ድካም በኋላ ነሐሴ 20 ቀን 1897 በአንዲት ክንፈ ዝንጉርጉር ትንኝ የጨጓራ ግድግዳ ላይ የወባን ተሕዋስ አገኙ። ዕለቱ ዛሬም የዓለም የትንኝ ቀን ተብሎ ይታሰባል። ይሁንና ግኝቱ ሳይጠናቀቅ የሥራ ዝውውር ትእዛዝ ደረሳቸውና ለምርምራቸው ወደማያመች ስፍራ ተዛወሩ። በርካታ ወራት ከባከኑ በኋላ በ1898 በካልካታ ሥራቸውን ቀጥለው በወፎች ወባ ላይ ባደረጉት ጥናት ተሕዋሱ ከትንኟ ጨጓራ ተነስቶ እስከ ምራቅ እጢዋ የሚያደርገውን ጉዞ ሙሉ በሙሉ አሳዩ። በዚያው ዓመት ግራሲና ባልደረቦቻቸው የተባሉት ጣሊያናውያን ተመራማሪዎች የሰውን ወባ የምታስተላልፈው አኖፌለስ የተባለችው የትንኝ ዝርያ መሆኗን አረጋገጡ። በሁለቱ ወገኖች መካከል በቀዳሚነት ጥያቄ የተነሳው ውዝግብ ለዓመታት የዘለቀ መሆኑም ይታወቃል።

የመተላለፊያው መንገድ ከታወቀ በኋላ ሌላ ጥያቄ ተከተለ። ይኸውም ዕውቀቱን ወደ ተግባር እንዴት መለወጥ ይቻላል የሚለው ነው። ሮስ በ1899 ከሕንድ አገልግሎት ተሰናብተው በሊቨርፑል የሐሩራማ አካባቢዎች ሕክምና ትምህርት ቤት መምህር ሆኑ። በዚያው ዓመትም ወደ ሴራሊዮን ዋና ከተማ ፍሪታውን ተጓዙ። በ1901 ደግሞ አንድ የስኮትላንድ ባለሀብት በለገሱት ገንዘብ ያቆሩ ውሃዎችን የማፋሰስና የማዳፈን ዘመቻ በከተማዋ አካሄዱ። ገንዘቡ ሲያልቅ ግን ዘመቻው ዘላቂ ሳይሆን ቀረ።

በግብፅ የታየው ውጤት ከዚህ የተለየ ነበር። የስዊዝ ቦይ ኩባንያ መናኸሪያ በነበረችው ኢስማኢሊያ ከተማ በ1900 አካባቢ በዓመት ሁለት ሺህ ያህል ሰዎች በወባ ይታመሙ ነበር። ኩባንያው በ1902 ሮስን ጋብዞ ምክራቸውን ተቀበለ። ቋሚ ሠራተኞች ተመድበው ረግረጉ እንዲደርቅና የትንኝ መፈልፈያዎች በየጊዜው እንዲቃኙ ተደረገ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ በዓመት የሚመዘገቡት ሕሙማን ከአንድ መቶ በታች ወረዱ። ከተማዋ በበረሃ የተከበበች መሆኗ፣ በጀቱ ያልተቋረጠ መሆኑና ሥራውን የሚመራው አንድ አካል መሆኑ ለውጤቱ አስተዋጽኦ አድርጓል።

በወቅቱ የሕንድ አካል በነበረችው ላሆር አቅራቢያ በምትገኘው ሚያን ሚር የጦር ሰፈር ከ1902 ጀምሮ የተካሄደው ተመሳሳይ ሙከራ ግን አልተሳካም ተብሎ ሪፖርት ቀረበበት። ቦዮች ተጠርገው፣ ጉድጓዶች ተደፍነው ትንኞቹ ግን አልጠፉም። የሙከራው መሪዎች ትንኝን በመቀነስ ወባን መቆጣጠር አዳጋች ነው ወደሚል ድምዳሜ አዘነበሉ። በአንጻሩ ሮስ የጸዳው ቦታ ስፋት አነስተኛ መሆኑን፣ የተመደበው ገንዘብ ከሥራው ጋር የማይመጣጠን መሆኑንና ከሥራው በፊትና በኋላ የነበረው የትንኝ መጠን በአግባቡ አለመለካቱን በመጥቀስ አጥብቀው ተከራከሩ።

ሮስን ወደ ሂሳብ የመራቸውም ይኸው ክርክር ነው። አንዱ ወገን “ሠርተን አልተሳካም” ሲል ሌላው “በቂ አልተሠራም” ቢል፣ በቂ የሚባለው ምን ያህል እንደሆነ አስቀድሞ ካልተወሰነ ክርክሩ መቋጫ አይኖረውም። ይህ ዛሬም በማንኛውም የመንግሥት ፕሮግራም ግምገማ ላይ የሚያጋጥም ችግር ነው።

ሮስ በ1904 በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ ከተማ በተካሄደ ጉባኤ ላይ ባቀረቡት ንግግር የችግሩን አንድ ገጽታ በስሌት አሳዩ። ጥያቄያቸው የትንኝ መፈልፈያ ከአንድ ክልል ቢወገድ ከውጭ የሚመጡት ትንኞች እስከ መሃል ለመድረስ ምን ያህል ዕድል አላቸው የሚል ነበር። ትንኝ ወደ አንድ አቅጣጫ ቀጥ ብላ ሳይሆን አንዴ ወደ ቀኝ አንዴ ወደ ግራ እየተመላለሰች ትበራለች ብለን ብንወስድ፣ አንድ መቶ ጊዜ በርራ ከተነሳችበት የምትርቀው በአማካይ የአሥር በረራ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ የጸዳው ክልል በቂ ስፋት ካለው በመሃል የሚገኙት ትንኞች በእጅጉ ይቀንሳሉ፤ ክልሉ ጠባብ ከሆነ ግን ከዳር የሚገቡት መሃሉን ይሞሉታል። ውጤቱን የሚወስነው የሠራተኛው ትጋት ብቻ ሳይሆን የክልሉ ስፋት ጭምር ነው ማለት ነው።

ዋነኛው የስሌት ሥራ የተጀመረው ግን ከሦስት ዓመታት በኋላ በሕንድ ውቅያኖስ በምትገኘው የሞሪሽየስ ደሴት ነው። ደሴቷ ከወባ ነጻ ሆና ኖራ በ1860ዎቹ አጋማሽ በተነሳ ወረርሽኝ በአሥር ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ አጥታለች። ከዚያም ወዲህ በሽታው አልለቀቃትም ነበር። የእንግሊዝ መንግሥት ሮስን በ1907 መገባደጃ ወደዚያ ላካቸው። ሮስ በቅድሚያ ያደረጉት ቆጠራ ነው። ወባ በተደጋጋሚ የሚይዛቸው ሕፃናት ጣፊያ ስለሚያብጥ፣ በየመንደሩና በየትምህርት ቤቱ የበርካታ ሕፃናት ጣፊያ እየተዳሰሰ ተመዘገበ። በዚህም በሽታው በየትኛው ስፍራ እንደሚበረታ በቁጥር ማወቅ ተቻለ። ዘዴው መድኃኒትም ሆነ ውድ መሣሪያ የማይጠይቅ በመሆኑ ለረጅም ዘመን የወባ ጥናት መለኪያ ሆኖ አገልግሏል።

በ1908 በወጣው የሞሪሽየስ ሪፖርት ላይ ሮስ አንድ መሠረታዊ ጥያቄ አነሱ። በአንድ አካባቢ ወባ እንዲቀጥል ምን ያህል ትንኝ ያስፈልጋል? ሪፖርቱን ያነበቡ ብዙዎች ጥቂትም ቢሆን ትንኝ ካለ ወባ አይጠፋም ብለው ያምኑ ነበር። የሮስ ስሌት ግን ይህ አለመሆኑን አመለከተ።

ነገሩን በቀላል ምሳሌ ማየት ይቻላል። አንድ ሺህ ነዋሪዎች ባሉበት መንደር አንድ መቶ ሰዎች ወባ አለባቸው እንበል። ከእነዚህ መካከል ተሕዋሱ ወደ ትንኝ ሊተላለፍ በሚችልበት ደረጃ ላይ የሚገኘው አንድ አራተኛው፣ ማለትም 25ቱ ናቸው። በመንደሩ ለእያንዳንዱ ሰው 40፣ በድምሩ 40 ሺህ ትንኞች ቢኖሩና ከአራት ትንኞች አንዷ ብቻ ሰው ለመንከስ ብትበቃ 10 ሺህ ትንኞች ይነክሳሉ። ከእነዚህም ተላላፊ ሕሙማኑን የሚነክሱት 250 ብቻ ናቸው። ተሕዋሱ በትንኟ ሰውነት ውስጥ እስኪበስል ከአንድ ሳምንት በላይ ይፈጃልና እስከዚያ በሕይወት የሚቆዩት አንድ ሦስተኛው፣ ማለትም 83 ቢሆኑ፣ ከእነዚህም ዳግም ሰው የሚነክሱት አንድ አራተኛው ናቸው። በውጤቱ በወሩ ውስጥ አዲስ የሚያዙት ሰዎች ወደ ሃያ ይጠጋሉ።

በሌላ በኩል በየወሩ ከሕሙማኑ አንድ አምስተኛው፣ ማለትም 20 ሰዎች ይድናሉ ብንል የሚያዙትና የሚድኑት ተመጣጠኑ ማለት ነው። ትንኞቹ በግማሽ ቢቀንሱ አዲስ የሚያዙት አሥር ብቻ ሆነው የሚድኑት 20 ይሆናሉ። አንዲትም ትንኝ ሙሉ በሙሉ ሳትጠፋ ትንኞች መኖራቸው ቢቀጥልም በሽታው ከወር ወደ ወር እየመነመነ ይሄዳል። ትንኞቹ በእጥፍ ቢጨምሩ ደግሞ የሚያዙት ከሚድኑት በእጥፍ ይበልጣሉ። ሮስ በሞሪሽየስ ሪፖርት በዚህ ዓይነት ክፍልፋዮች ተመርተው ወሳኙን መጠን በአንድ ሰው 40 ትንኞች አካባቢ አድርገው ገምተዋል። ቁጥሩ በወቅቱ በነበረው ግምት ላይ የተመሠረተ እንጂ ለሁሉም አካባቢ የሚሠራ አይደለም። ዘላቂው ነገር ከቁጥሩ በስተጀርባ ያለው አስተሳሰብ ነው።

አስተሳሰቡ ለአስተዳደር ሥራ ሁለት ትርጉም ነበረው። የመጀመሪያው ተስፋ ሰጪ ነው። ወባን ለማጥፋት የመጨረሻዋን ትንኝ ማሳደድ አያስፈልግም፤ የትንኙን መጠን ከወሳኙ ደረጃ በታች ማውረድና በዚያው ማቆየት ይበቃል። ሁለተኛው ማስጠንቀቂያ ነው። ጥረቱ ከወሳኙ ደረጃ ጥቂት ከፍ ብሎ ቢቆም የወጣው ገንዘብ ሁሉ በሽታውን ከማጥፋት አይደርስም። በዚህ ደረጃ አካባቢ አነስተኛ የትንኝ ጭማሪ ከፍተኛ የሕሙማን ጭማሪ እንደሚያስከትል ሮስ በስሌታቸው አሳይተዋል። ከባድ ዝናብ የጣለበት አንድ ዓመት ጸጥ ብሎ የቆየን አካባቢ በድንገት ሊያናውጥ የሚችለውም በዚህ ምክንያት ነው።

ሮስ ይህን ሐሳብ በ1910 ባሳተሙት የወባ መከላከል መጽሐፍና በ1911 በወጣው ሁለተኛ እትሙ ላይ አስፋፍተው አቀረቡ። ስሌቱ ለወባ ብቻ ሳይሆን በሰዎች መካከል ለሚከሰት ማንኛውም ተዛማች ሁኔታ እንዲያገለግል ለማድረግም ሞከሩ። ይሁንና ሥራቸው በወቅቱ ሰፊ ተቀባይነት አላገኘም። አብዛኞቹ ሐኪሞች ሂሳቡን ለመረዳት ይቸገሩ ነበር፤ የሂሳብ ሊቃውንቱም ለወባ ትኩረት አልሰጡም። በዚህ ላይ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ተከሰተ። ሮስ በ1914 የመጀመሪያ ወንድ ልጃቸውን በጦርነቱ አጡ፤ እርሳቸውም በሠራዊቱ ውስጥ በሕክምና አማካሪነት አገለገሉ። በዚያ አስቸጋሪ ወቅት እንኳ በ1916 እና በ1917 የወረርሽኝን አካሄድ የሚተነትኑ ሦስት ተከታታይ ጽሑፎችን አቀረቡ። የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ያዘጋጁት ሂልዳ ሃድሰን ከተባሉት የሂሳብ ሊቅ ጋር በመተባበር ነው።

ዘሩን ያበቀለው ተከታዩ ትውልድ ነው። በ1901 ከሮስ ጋር ወደ ሴራሊዮን የተጓዙት ወጣት ሐኪም አንደርሰን ማኬንድሪክ ከሮስ የቀሰሙትን ፍላጎት ይዘው ቆዩ። በኋላም በቤተ ሙከራ አደጋ ዓይናቸውን ካጡት ኬሚስት ዊልያም ከርማክ ጋር በመሆን በ1927 ስለ ወረርሽኝ የሂሳብ ንድፈ ሐሳብ የታወቀ ጽሑፍ አሳተሙ። ጽሑፉ አንድ ሕዝብ ውስጥ ለበሽታው የተጋለጡት ሰዎች ብዛት ከተወሰነ ደረጃ ካልዘለለ ወረርሽኝ እንደማይነሳና ወረርሽኙም የተጋለጠው ሰው ሁሉ ሳይያዝ ሊያበቃ እንደሚችል አመለከተ። በ2020 የኮቪድ-19 ወረርሽኝ በተዛመተበት ወቅት አንድ ሕመምተኛ በአማካይ ለስንት ሰው ያስተላልፋል እየተባለ በየዕለቱ ሲነገር የነበረው ስሌት የተገነባው በዚህ መሠረት ላይ ነው።

በወባው መስክ ሥራውን ያስቀጠሉት በሮስ ስም የተሰየመውን የለንደን ተቋም የመሩት ጆርጅ ማክዶናልድ ናቸው። ሮስ ራሳቸው በ1932 ያረፉ ሲሆን ማክዶናልድ በ1950ዎቹ ስሌታቸውን በአዲስ መረጃ አደሱት። ማክዶናልድ ካሳዩአቸው ነጥቦች ዋነኛው ከትንኝ ብዛት ይልቅ የትንኝ ዕድሜ ወሳኝ መሆኑ ነው። ተሕዋሱ በትንኟ ውስጥ ለመብሰል አሥር ቀናት ይፈጃል እንበል። ከመቶ ትንኞች በየቀኑ 90ዎቹ በሕይወት ቢቀሩ አሥር ቀን የሚሞላቸው 35 ያህል ናቸው። በየቀኑ የሚተርፉት 80 ከሆኑ 11 ብቻ፣ 70 ከሆኑ ደግሞ 3 ያህል ብቻ ለዚያ ዕድሜ ይበቃሉ። በመሆኑም መፈልፈያዎችን በማጽዳት የትንኙን ብዛት በግማሽ መቀነስ አደጋውን በግማሽ ሲቀንስ፣ በቤት ግድግዳ ላይ በሚረጭ ኬሚካል ወይም በኬሚካል በተነከረ አጎበር ዕድሜዋን ማሳጠር ግን አደጋውን በብዙ እጥፍ ይቀንሰዋል። የቤት ለቤት የኬሚካል ርጭትና የአጎበር ሥርጭት የወባ መከላከል ምሰሶዎች የሆኑበት ሳይንሳዊ ምክንያት ይህ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ1955 የዓለም አቀፍ የወባ ማጥፋት ዘመቻ ሲያውጅ ይህ ስሌት ከዘመቻው የአስተሳሰብ መሠረቶች አንዱ ነበር። ኢትዮጵያም የጉዳዩን አሳሳቢነት በከባድ ዋጋ ያወቀችው በዚያው ጊዜ ነው። በ1958፣ ማለትም በ1950 ዓ.ም ማብቂያና በ1951 ዓ.ም መጀመሪያ ወራት፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1 ሺህ 600 እስከ 2 ሺህ 150 ሜትር ከፍታ ባላቸው አካባቢዎች በተነሳ የወባ ወረርሽኝ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰዎች ታመው 150 ሺህ ያህሉ እንደሞቱ በወቅቱ የተደረገ ጥናት ገምቷል። የአካባቢዎቹ ነዋሪዎች ከወባ ጋር ዘወትር የማይኖሩ በመሆናቸው በሰውነታቸው ውስጥ የመከላከል አቅም አልነበራቸውም። በሮስ አነጋገር ለረጅም ጊዜ ከወሳኙ ደረጃ በታች የቆየ አካባቢ በአንድ የዝናብና የሙቀት ለውጥ ደረጃውን ዘለለ ማለት ነው። የወባ ማጥፊያ ድርጅት በአገሪቱ የተቋቋመው በማግስቱ በ1959 ነው።

ይሁን እንጂ ስሌትም ወሰን አለው። በ1969 የዓለም ጤና ድርጅት በሁሉም አገሮች ወባን በአጭር ጊዜ ለማጥፋት የተያዘው ዕቅድ ሊሳካ አለመቻሉን ተቀብሎ ወደ ቁጥጥር ስልት ተመለሰ። በዚያው ዓመት በሰሜን ናይጄሪያ ጋርኪ በተባለው ወረዳ እስከ 1976 የቆየ ሰፊ ጥናት ተጀመረ። በመንደሮቹ የቤት ውስጥ ርጭት ተካሄደ፤ በአንዳንዶቹም ለመላው ነዋሪ መድኃኒት በየጊዜው ታደለ። የሕሙማኑ ቁጥር በእጅጉ ቢቀንስም የበሽታው መተላለፍ ግን አልተቋረጠም። ሥራው ሲቆም ወባም ተመልሶ መጣ። ትንኞቹ እጅግ የበዙበትና ብዙዎቹም ከቤት ውጭ የሚያርፉበት አካባቢ በመሆኑ፣ ሌላ ቦታ በቂ የነበረው ጥረት እዚያ በቂ ሳይሆን ቀረ። ጥናቱ የተሻለ ሞዴል ለማዘጋጀት አስችሏል፤ በሌላ አገር የተሠራ ቁጥር በአገር ቤት መረጃ ሳይፈተሽ ሥራ ላይ እንደማይውልም አስተምሯል።

ከሮስ ዘመን ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል። ኮምፒዩተር የዝናብን፣ የሙቀትንና የሰዎችን እንቅስቃሴ መረጃ አንድ ላይ ያሰላል። ያም ሆኖ የስሌቱ መነሻ ዛሬም ከጤና ኬላ መዝገብ የሚወጣው ቁጥር ነው። በአገራችን የወባ መመሪያ መሠረት ወረርሽኝን ለመለየት ከሚያገለግሉት ዘዴዎች አንዱ የሳምንቱን የሕሙማን ቁጥር ካለፉት አምስት ዓመታት የተመሳሳይ ሳምንት ቁጥሮች ጋር ማነጻጸር ነው። ከአምስቱ ቁጥሮች በከፍተኛነት ሁለተኛ የሆነው እንደ ወሰን ይያዛል፤ የዘንድሮው ከዚያ ከበለጠ አፋጣኝ ምላሽ ያስፈልጋል። የአምስት ዓመት መረጃ በሌለበት ቦታ የሳምንቱ ቁጥር ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ሳምንት በእጥፍ መጨመሩ ይታያል። ይህን ለማስላት ወረቀትና እርሳስ ይበቃል።

በአንጻሩ የአንድ ዓመት መዝገብ ከጠፋ፣ ሪፖርቱ ሦስት ሳምንት ከዘገየ ወይም ቁጥሩ ላለማስወቀስ ዝቅ ተደርጎ ከተላከ ወሰኑ ራሱ ይሳሳታል። ዘንድሮ የተደበቀ ሕመምተኛ ዘንድሮ የሚላከውን መድኃኒት ያሳንሳል፤ ለቀጣዮቹ አምስት ዓመታት የሚያገለግለውን ማነጻጸሪያም ያዛባል።

ጉዳዩ ያለፈ ታሪክ እንዳልሆነ የቅርብ ዓመታት ሁኔታ ያሳያል። ለዓመታት ሲቀንስ የቆየው ወባ እንደገና አገርሽቶ ከጥር እስከ ጥቅምት 2024 አጋማሽ ባሉት ወራት በኢትዮጵያ ከ7 ነጥብ 3 ሚሊዮን በላይ ሕሙማንና 1 ሺህ 157 ሞት መመዝገቡን የዓለም ጤና ድርጅት አስታውቋል። ከዚህም ሌላ አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለችው ከእስያ የመጣች የትንኝ ዝርያ በ2016 በሶማሌ ክልል ቀብሪደሃር ተገኝታለች። ይህች ትንኝ በከተሞች በውሃ ማጠራቀሚያ ታንከሮችና በርሜሎች ውስጥ የምትራባ በመሆኗ ዝናብ በሌለበት ወቅትም በሽታውን ልታስተላልፍ ትችላለች። በ2022 በድሬዳዋ በደረቁ ወራት ከተነሳው የወባ ወረርሽኝ ጋር ግንኙነት እንዳላት በጥናት ተረጋግጧል። ወባ የገጠርና የክረምት ማግሥት በሽታ ነው በሚል የተዘጋጀ ዕቅድ ይህን ሁኔታ አያካትትም። የውሃ አቅርቦት፣ የግንባታና የከተማ ጽዳት ኃላፊዎችም የወባ መከላከል ባለድርሻ ሆነዋል ማለት ነው።

ሮስ ከአንድ መቶ ዓመት በፊት ያነሱት ጥያቄ ያኔም ሆነ ዛሬ የአስተዳደር ጥያቄ ነው። ለአንድ ሥራ በጀት ሲያዝ የሚፈለገው ውጤት ላይ ለመድረስ ምን ያህል እንደሚበቃ ይታወቃል ወይ? ከሥራው በፊት ተቆጥሯል ወይ? ውጤት ከተገኘ በኋላስ ለማቆየት የሚያስፈልገው ወጪ ታስቧል ወይ? ኢስማኢሊያ የተሳካላት እነዚህ በመሟላታቸው ሲሆን፣ የፍሪታውን ዘመቻ ገንዘቡ ባለቀ ጊዜ ተቋርጧል፤ በሚያን ሚር ደግሞ ማነጻጸሪያ ቁጥር በመጓደሉ ከዓመታት ሥራ በኋላ መግባባት አልተቻለም።

ሕሙማን ሲቀንሱ የኬሚካልና የአጎበር ግዥን ማዘግየት፣ ባለሙያዎችን ወደ ሌላ ሥራ ማዛወርና ሳምንታዊ ሪፖርቱን እንደ ተራ ወረቀት መቁጠር ቀላል ነው። የሮስ ስሌት የሚለው ግን የሕሙማን ቁጥር ማነስ ትንኟ መጥፋቷን እንደማያመለክት፣ ጥረቱ ከወሳኙ ደረጃ በታች ይዟት መቆየቱን ብቻ እንደሚያመለክት ነው። ጥረቱ ሲላላ ደረጃው ተመልሶ ይዘለላል። ስለሆነም በየደረጃው የሚገኙ የሥራ ኃላፊዎች ከጤና ኬላ የሚነሳው ቁጥር ትክክለኛ፣ ወቅቱን የጠበቀና ያልተቋረጠ እንዲሆን ማድረግ፣ በቁጥሩም ላይ ተመሥርተው ሳይዘገዩ መወሰን ይጠበቅባቸዋል።